ለሰው ዓይን የተሰፋ ቀሚስ

ትምህርት ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው እናት ለአሥራ አራት ዓመት ልጇ የትምህርት ቤት ጉርድ ቀሚስ ልታሰፋ፣ ይዛት ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄደች። ልጅቱ ረዘም ስለምትል ቤት ውስጥ «ሎጋ» እያሉ ነው የሚጠሯት። በዚያ ዓመት ግን አከርካሪዋ ወደ ጎን መጣመም ስለጀመረ፣ ከብብቷ እስከ ዳሌዋ የሚይዝ ጠንካራ የፕላስቲክ መደገፊያ በቀን ሃያ ሰዓት እንድታደርግ ታዘዘላት። ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ወገቧን ሊለካ ሲል እናት እጁን ያዘችው።

«ቆዩ ጋሼ! መጀመሪያ ታውልቀው። ከነመደገፊያው ከለኳትማ በርሜል ልትመስል ነው እኮ!»

«እንዴ! ትምህርት ቤት የምትውለው አድርጋው አይደለም?»

«ወገቡን ያዝ ያድርጉት ብቻ። የሰው አፍ አያውቁም? አንዴ “ጎባጣዋ” የሚል ስም ከወጣላት ማን ያነሳላታል?»

«እማዬ፣ አይበቃኝም እኮ!» አለች ልጅቱ።

«ዝም በይ ሎጋዬ፣ ለአንቺው ብዬ ነው።»

ለአንቺው ብዬ! በዚህች ቃል ተሸፍኖ የሚያልፈውን ጥፋት ቤት ይቁጠረው። ልብስ ሰፊውም ምን ያድርግ፣ ራሱን እየነቀነቀ ለካ።

ትምህርት ተከፈተ። ልጅቱ እንደፈራችው የቀሚሱ ዚፕ ከመደገፊያው በላይ አልዘጋ አለ። ከውስጥ የለበሰችው ካናቴራ በስፌቱ በኩል ተጨማዶ ጎኗን ላጣት። ዚፑን ሳትዘጋ፣ ሹራብ ደርባበት ስትሄድ ደግሞ የበሩ ተቆጣጣሪ «ሸሚዝሽን አስገቢ!» እያለች ታፈጥባታለች። የት ታስገባው? እንዳትናገር እናቷ አስምላታለች። በሦስተኛው ቀን ቆሽቷ አርሮ መጸዳጃ ቤት ገባችና ማሰሪያዎቹን ፈታታች፤ መደገፊያውን በስፖርት ቦርሳዋ ከትታ፣ ዚፑን ዘግታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ከቤት አድርጋው ትወጣለች፣ ትምህርት ቤት ስትደርስ ታወልቃለች፣ ወደ ቤት ስትመለስ መልሳ ታጠልቃለች።

እናት ምንም ሳታውቅ «አየሽ? እስካሁን ማንም አላወቀብሽም!» እያለች ትደሰት ነበር። ልጅቱ ይህን በሰማች ቁጥር አንድ ነገር አንስታ መወርወር ያምራታል፤ ግን ዋጥ አድርጋ ወደ መኝታ ቤቷ ትገባለች።

ከአራት ወር በኋላ ለክትትል ሄዱ። ሐኪሟ ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን ሰቅላ ፊቷን አኮሳተረች።

«ሃያ ስድስት ዲግሪ የነበረው ጥመት ሠላሳ አምስት ገብቷል። መደገፊያውን በቀን ስንት ሰዓት ነው የምታደርገው?»

«ኧረ ዶክተር፣ ከላይዋ ወርዶ አያውቅም!» አለች እናት።

«ይወርዳል!» አለች ልጅቱ፤ እንባዋ ቀደማት። «ትምህርት ቤት አላደርገውም! ቀሚሱ አያስገባውም! አይበቃኝም ብዬሽ ነበር እማዬ፣ ብዬሽ ነበር!»

እናት ክው አለች። ሐኪሟ ልጅቱን አልተቆጣችም።

«ልብስ ነው ለመደገፊያው መመቸት ያለበት እንጂ መደገፊያው ለልብስ አይወልቅም» አለች። «ከውስጥ ስፌት የሌለው የጥጥ ካናቴራ፣ ከላይ ወገቡ ላስቲክ የሆነ ሰፊ ሱሪ፣ ሸሚዙ ደግሞ ወደ ውጭ። ይኸው ነው። ከዚህ ከባሰ ግን ቀዶ ጥገና ይመጣል። የባከነውን አራት ወር እኔ መመለስ አልችልም።»

በዚያው ዕለት ልብስ ሰፊው ከነመደገፊያው ለካት። ሱሪው ሲደርስ እናት ልጇን ትምህርት ቤት ድረስ ሸኘቻት። ተቆጣጣሪዋ «ሸሚዝሽን...» ብላ ሳትጨርስ እናት ጣልቃ ገባች።

«አይገባም! ልጄ የጀርባ መደገፊያ አድርጋለች። ሸሚዙ ውጭ ነው የሚውለው።»

ጮክ ብላ ስለተናገረች የሚያልፈው ሁሉ ዞር ብሎ አየ።

ተቆጣጣሪዋ ደነገጠች። «ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሩን? አንድ ቃል ይበቃን ነበር እኮ!»

«አፍሬባት ነው» አለች እናት።

«አውቅ ነበር» አለች ልጅቱ። ንዴቷ ገና አልበረደም። ሆኖም እናቷ ትከሻዋን ስትይዛት አልሸሸችም፤ ትንሽ ቆማ ወደ ክፍሏ ገባች።

እናንተ ወላጆች፣ «ሰው ምን ይላል» እያላችሁ ለልጃችሁ ልብስ አታስለኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የሚያወራው ሰው አውርቶ ሲጠግብ ቤቱ ይገባል፤ ሕመሙ ግን የሚያድረው ከልጃችሁ ጋር ነው።