ፈቃድ ያገኘሁ ዕለት

አባቴ ታፔላ ጻፊ ነበር። እኔ በጠመኔ አሰምሬ ፊደሎቹን እነድፋለሁ፤ እሱ ቀለም ይቀባል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ሱቁም ቤቱም የሁለታችን ብቻ ነበሩ።

አንድ ቀን የሰፈራችን ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ለቤተ ሙከራው በር ታፔላ ሊያሠራ መጣ። «መግባት ክልክል ነው» ለማለት በእንግሊዝኛ የነደፍኩትን አይቶ ፈገግ አለ።

«‹ፎርቢድ› ብለሻል። እሱ አባት ልጁን ሲከለክል ነው። ለበር ‹ፕሮሂቢት› ይሻላል፤ ሕግ ነው፣ ማንንም አይለይም።»

«‹ፕሪቨንት›ስ ቲቸር?» አልኩት፣ ቶሎ እንዳይሄድብኝ።

«እሱ አይናገርም። ጎርፍ መንገድ ሲቆርጥብሽ በለው። ማንም አትሂጂ አላለሽም፤ ግን አትሄጂም።»

ቀና ሳልል ፊደሎቹን በጨርቅ አጠፋሁ። ጉንጬ ግሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያ ትምህርት ቤት ታፔላ ያልተሰቀለበት በር አልቀረውም። አባዬ ደግሞ ሞኝ አልነበረም።

«ሁለተኛ ከዚያ መምህር ጋር እንዳላይሽ» አለኝ ብሩሹን እያጠበ። «ደሞዙ ለራሱም አይበቃው።»

እሺ አልኩ፤ በማግስቱ አገኘሁት። አባዬ ተቆጣ፣ አኮረፈ። እኔም አኮረፍኩ። መከልከሉ ፍቅራችንን አባሰው እንጂ አላበረደውም። ደስ የሚል ጊዜ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ።

ከዚያ የአባዬ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ቀለሙ ከመስመር ወጣ፤ ውሎ አድሮ ብሩሹ ከጣቱ ይወድቅ ጀመር። ነዳፊዋም ቀቢዋም እኔ ሆንኩ። ጠዋት ጠዋት የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለትም እኔ ነበርኩ።

በዚያው ሰሞን ቲቸር ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ፤ እኔን እንዲድርለትም አባዬን ሊጠይቅ መጣ።

«ጥሩ ሰው ነህ፤ ውሰዳት» አለው አባዬ። ወደ እኔ ዞረ። «ሂጂ ልጄ፤ ስለኔ አታስቢ።»

ውሃ ሊጠጣ ብርጭቆውን ሲያነሳ ግማሹ ደረቱ ላይ ፈሰሰ። ሁላችንም እንዳላየን ሆንን።

ቲቸርን ደጅ ድረስ ሸኘሁት።

«ፈቀዱልን እኮ» አለኝ።

«አዎ። እኔ ግን አልመጣም።»

«እሳቸውንም ይዘን እንሂድ።»

«ከዚህ ሱቅ የሚነቀል ይመስልሃል?»

እጄን ይዞ ጥፍሬ ላይ የደረቀውን ቀለም ሲያሽ ቆየ። እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

አግብቶ ወልዷል ሲሉ ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ አለቀስኩም። አባዬ እስኪያርፍ ድረስ «ለምን ቀረሽ?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ያኔ እንደ ድሮው ከልክሎኝ ቢሆን ኖሮ ጥዬው እሄድ እንደነበር አልነገርኩትም።