ከኋላችን መቁጠሪያ የደገመው ድምፅ

ካህን ስለሆንኩ በመንፈስ ወሬ የማምን እንዳይመስላችሁ። ሲዳማ ሳገለግል «አባ፣ ቤታችን ውስጥ ድምፅ ይሰማል» እያሉ ለሚመጡ ምእመናን መልሴ አንድ ነበር፦ ነፋስ ነው፣ ጸልዩና ተኙ።

እኛ በደቡብ የተበተንን የካቶሊክ ሚስዮናውያን በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ፣ ኮተቤ ከተራራው ሥር ባለው የማኅበራችን ቤት ለጸሎትና ለጨዋታ እንሰበሰባለን። ድሮ ቤቱ አይበቃንም ነበር፣ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፈን ስንሳሳቅ ነው የምናመሸው፣ ወጥ ቤቱን ደግሞ ለማንም የማይለቁት ጣሊያናዊው አባ ሉዊጂ ነበሩ፣ ፓስታ እየቀቀሉ ያዜማሉ፣ አማርኛቸው ሸጋ ሆኖ «ቀ» ብቻ አልሆንላቸው ብሎ «ቅድስት»ን «ኪድስት» ይሏታል፣ እኛ ወጣቶቹም ከጀርባቸው እንስቃለን። ነፍሳቸውን ይማርና አገራቸው ገብተው አረፉ።

አምና ስንገናኝ ግን ሳስተናል፣ ሸብተናልም። ከዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ጀምሮ ጓደኛዬ የሆነው አባ ማቴዎስ የመጣው የልብ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ይዞ ነበር። ከምሳ በኋላ «ና እስቲ፣ እንደ ድሮው መቁጠሪያ እየደገምን ወደ ላይ እንውጣ» አለኝ፣ በእንጦጦ በኩል ባለው ቀጭን መንገድ ቀስ እያልን ወጣን።

ባሕር ዛፉ መሀል ስንደርስ ጉም ወረደብን። እኔ ጸሎቱን ስጀምር እሱ «ቅድስት ማርያም ሆይ፣ ለእኛ ለኃጢአተኞች አሁንም በሞታችንም ጊዜ ለምኝልን» እያለ እየመለሰ ስንሄድ፣ ከኋላችን ደረቅ ቅጠል የሚረግጥ ኮቴ ሰማሁ፣ ከወንድሞች አንዱ ደረሰብን ብዬ ጸሎቴን ቀጠልኩ። ቆይቶ ከማቴዎስ ድምፅ ጋር አንድ የሽማግሌ ድምፅ አብሮ መመለስ ጀመረ፣ እመኑኝ፣ «ኪድስት ማርያም» ነበር የሚለው።

ጸሎት አይቋረጥም ብዬ አልዞርኩም፣ እውነቱን ለመናገር ግን አንገቴ እንቢ ብሎኝ ነው። በመጨረሻዋ ጸሎት ላይ ድምፁ «አሁንም» ብሎ ጸጥ አለ። ያኔ ዞርኩ። ጉምና ባሕር ዛፍ ብቻ።

ማቴዎስ አንዱን ግንድ ተደግፎ «ሰማህ?» አለኝ።

«ነፋስ ነው» አልኩት፣ እንደ ልማዴ።

«ነፋስ ኪድስት አይልም» አለ። ፈገግ ብሏል፣ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል።

ስንወርድ ስለ አባ ሉዊጂ ስናወራ፣ ስለ ዜማቸው፣ ጨው ስለሚበዛበት ፓስታቸው፣ ፍርሃቱ ለቆን ናፍቆት ብቻ ቀረ። በሩ ላይ ስንደርስ ነው፣ ሽማግሌው «በሞታችንም ጊዜ» የሚለውን ሳይሉ ለምን እንዳቆሙ እንደገረመኝ ያነሳሁት።

ማቴዎስ ቆም ብሎ አየኝ።

«የት ላይ ነው ያቆሙት?» አለኝ። «እኔ እኮ እስከ መጨረሻው ሰምቻቸዋለሁ።»

ቀዶ ጥገናው በደህና አለፈ፣ እሱም ወደ ሥራው ተመልሷል። ያን ቀን አንስተነው አናውቅም። ደውዬለት ሳያነሳ ሲቀር ግን፣ አንስቶ «አቤት» እስኪለኝ ድረስ ቁጭ ማለት አልችልም።