ለአያቶች የቀረበው ፍሬ

ሽማግሌው ዌንግ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው የተገኙት ረፋድ ላይ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ስቅታ አልለቀቃቸውም፤ የገዛ ልጃቸውን ቦሾንግን እንኳ «አንተ ደግሞ የማን ነህ?» ብለውት ነበር። መርማሪ ኬ ዩሊን ታይናን ከተማ ወዳለው ቤታቸው ስትደርስ ጣት ሁሉ ወደ ምራታቸው ወደ ሹፈን ተቀስሯል። ከደጅ በመጣች ምራት ላይ ነገር መለጠፍ መቼም ቀላል ነው።

«ለሆድ ድርቀታቸው ሥራ ሥር ታፈላላቸው ነበር» አለ ባሏ ቦሾንግ ቀና ብሎ ሳያያት።

ኬ በሚስቱ ላይ የሚመሰክር ባል አትወድም። ሹፈንን ወደ ማድ ቤት ወሰደቻት።

«ምግባቸውን የምትሠሪው አንቺ ነሽ?»

«ከጎመኑ በቀር። እሱን የባሌ እህት ሚንዡ ናት። ሁለቴ ቀቅላ ውኃውን ትደፋዋለች። ጣዕሙን ገደልሽው ብላት አትሰማኝም።»

«ሳይታመሙ በፊት ምን በሉ?»

«ለሞቱት አያቶች መሠዊያ ላይ ያቀረብነውን የኮከብ ፍሬ፣ ሲቆረጥ ኮከብ የሚመስለውን። እኔው ቆረጥኩት፤ አባባ እንደ ደንቡ ቀድመው አነሡ። ሁላችንም በልተናል፤ እኛ ምንም አልሆንንም። ያስሩኛል፣ አይደል?»

ኬ ፈራችላት፤ ሥራ ሥሩን ለምርመራ ይዛ ወጣች።

የሬሳ ምርመራው ውጤት በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሲደርስ ሹፈንን፣ ቦሾንግንና ሚንዡን በአያቶች መሠዊያ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«የሹፈን ሥራ ሥር ንጹሕ ነው። የተገኘው የተኮማተረ ኩላሊት ነው። ኩላሊት ያላጣራው፣ የደረቀ አንጀትም ያላስወጣው ቆሻሻ አእምሮን ያደነዝዛል። ስለዚህ ሐኪም የከለከላቸውን ፍሬ ረሱት። የኮከብ ፍሬ ለጤነኛ ሰው ምንም አይደል፤ ኩላሊቱ ለደከመ ግን የአንጎል መርዝ ነው። በስቅታ ይጀምርና ይገድላል። እንግዲህ የምፈልገው በሽታቸውን ያወቀ ሰው ነው።»

«ማንም አያውቅም» አለች ሚንዡ።

«ጎመን ሁለቴ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ለኩላሊት በሽተኛ የሚታዘዝ ነው። ፍሬውንስ ማን ገዛው?»

«እሷ» አለ ቦሾንግ ወደ እህቱ እያየ ቀስ ብሎ።

«አላጎረስሻቸውም፣ ሚንዡ» አለች ኬ። «መሠዊያው ላይ ካኖርሽው ታላቅ ቀድሞ እንደሚበላ ታውቂያለሽ። ሆስፒታልም ደውዬ ነበር። ለአባትሽ እንድትሰጪው ተመርምሮ ኩላሊትሽ ገጥሟል፤ ቀዶ ጥገናው ለሰኞ ተቀጥሯል።»

ሚንዡ ወደ መሠዊያው ዞረች።

«ሐኪሞቹ ትፈቅጃለሽ ወይ ሲሉኝ አባባ አጠገቤ ነበር። ወልጄሻለሁ አለ። ለአባት እንዴት እምቢ ይባላል?»

«ለእኔ አትነግሪኝም ነበር?» አለ ቦሾንግ።

«ብነግርህ ምን ትለኝ ነበር?»

ቦሾንግ አንገቱን ደፋ።

«ስጪው እልሽ ነበር።»