ያልደረቀው ማንቆርቆሪያ

ጭቅቅት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ናት። ከእናቷ፣ ከአባቷና ከስድስት ዓመት ወንድሟ ጋር ከአንድ የሸክላ መሥሪያ በላይ ባሉ ሁለት ክፍሎች ትኖራለች። መሥሪያው የአክስቷ ነው። ጭቅቅት የሚለውንም ቅጽል ስም ያወጣችላት አክስቷ ናት፤ ከጥፍሯ ሥር ጭቃ ጠፍቶ ስለማያውቅ። «ይህችን ልጅ ሳሙና ሲያያት ይሸሻል» ትላለች።

ጭቅቅት ጭቃ ትወድ ነበር። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታወርድ እጇን ትነክራለች። ጎሽ ሠርታለች፣ ጀልባ ሠርታለች። አንዴ የጎረቤታቸውን አፍንጫ ሠርታ ቁጣ ቀምሳለች።

ያን ዓመት አባቷ ተጎዳ። አናጢ ነው። መጋዙ ከቀኝ እጁ ሦስት ጣት ወሰደበት። ከዚያ ወዲህ ሲኒ ከእጁ ይወድቃል። ሲወድቅ አይናገርም። ስባሪውን ራሱ ይለቅማል።

ወንድሟ ይህን አየ። «ሁለት ጆሮ ያለው ኩባያ እሠራለታለሁ» አለ።

«እኔ ደግሞ ማንቆርቆሪያውን» አለች ጭቅቅት።

የአክስቷ የሸክላ መተኮሻ እቶን በወር አንድ ጊዜ ብቻ ይነድዳል። አራት ሳምንት ነበራቸው።

በዚያው ሰሞን የአጎቷ ልጅ በእናቷ አሮጌ ስልክ ላይ አንድ ጌም ጫነላት። በኢንተርኔት ከማታውቃቸው ልጆች ጋር ቡድን ሆና ትዋጋለች። ጌሙ በየደቂቃው ኮከብ ይሰጣታል። ጭቃ ኮከብ አይሰጥም። ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ሲሳሳቱበት ይወድቃል። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ነበር። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ሁለት ሰዓት ወለደ።

አንድ ቀን ጭቃ ፊት ተቀመጠች። አምስት ደቂቃ አልቆየችም፤ ሰለቻት። ጭቃ ሰልችቷት አያውቅም ነበር። ደነገጠች። ግን ወደ ስልኩ ተመለሰች።

ወንድሟ ኩባያው ሁለት ጊዜ ተሰበረበት። አለቀሰ፣ አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ፣ እንደገና ጀመረ።

«ማንቆርቆሪያሽስ?» ይላታል።

«ነገ።»

«ትናንትም ነገ ብለሽ ነበር።»

«ሂድ ወዲያ፣ አንተ ቀን ቆጣሪ!»

እቶኑ ሊነድ አንድ ቀን ሲቀረው ባነነች። በአንድ ከሰዓት በኋላ ማንቆርቆሪያውን ሠራችው። ወፍራም ነበር። ሸክላ ግን ቢያንስ ሳምንት በጥላ መድረቅ አለበት። ውስጡ ውሃ ከቀረ እሳት ሲያገኘው ይፈነዳል። ሲፈነዳ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ጎረቤቱን ይዞ ነው።

በአክስቷ ቤት አንድ ደንብ አለ። ዕቃው ወደ እቶን ከመግባቱ በፊት የሠራው ሰው ጉንጩ ላይ ያስጠጋዋል። ከቀዘቀዘው ርጥብ ነው። ካልቀዘቀዘው «ደርቋል» ይላል። ሌላ ሰው አይፈትሽበትም። ቃሉ ይበቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሟ ኩባያውን ጉንጩ ላይ አስጠግቶ ዓይኑን ጨፈነ። «ደርቋል!» ብሎ ጮኸ።

የጭቅቅት ተራ ደረሰ። ማንቆርቆሪያው ጉንጯን እንደ ርጥብ ጨርቅ ቀዘቀዛት። ቶሎ ከጉንጯ አራቀችው።

«ደርቋል» አለች።

«ጎሽ የኔ ጭቅቅት» አለች አክስቷ።

«የኔን ከሱ አጠገብ!» አለ ወንድሟ። «እንዲነካኩ!»

አክስቷ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። በሩን ዘግታ ጋዙን በትንሹ ለኮሰችው። «ለአንድ ሰዓት እንዲህ ይቆያል። ከዚያ እጨምራለሁ።»

ጭቅቅት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስልኩን ከፈተች። ጣቷ ጌሙ ላይ፣ ጆሮዋ እቶኑ ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ ተሸነፈች። ወንድሟ መጥቶ ትከሻዋን ተደገፈ።

«አባባ ኩባያውን ሲያይ ምን የሚል ይመስልሻል?»

«እኔ እንጃ።»

«እኔ ግን አውቃለሁ። ምንም አይልም። በሁለት እጁ ይይዘዋል።»

ጭቅቅት በልቧ «አምላኬ፣ እባክህ አይፈንዳ» አለች። ልጆች፣ ይህ ጸሎት ይመስላል። እሷ ግን እግዚአብሔርን የውሸቷ ዘበኛ ልታደርገው ነበር የፈለገችው።

የአክስቷ ወንበር ሲንፏቀቅ ሰማች። ሰዓቱ ሞልቷል።

«እንዳትወጪ! አሁን ከወጣሽ አለቅን!» አለ ከስልኩ ውስጥ አንድ የማታውቀው ልጅ።

ስልኩን ደረጃው ላይ ጥላ ሮጠች። የአክስቷ እጅ ጋዙ መክፈቻ ላይ ነበር።

«አክስቴ፣ አትጨምሪ! ዋሽቻለሁ። ጉንጬን ቀዝቅዞኛል። ትናንት ነው የሠራሁት።»

አክስቷ አየቻት። ጋዙን ዘጋችው።

እቶኑ እስኪበርድ ሦስት ሰዓት ጠበቁ። በሩ ሲከፈት ማንቆርቆሪያው ከሥሩ ተሰንጥቋል። ኩባያው ደህና ነው። አክስቷ አውጥታ ከሁሉም በኩል አገላብጣ አየችው። «ትንሽ ብጨምርበት ኖሮ…» አለች፤ አልጨረሰችውም።

ወንድሟ ኩባያውን አቅፎ እህቱን አያት። «ደርቋል ብለሽ ነበር» አለ። ከቁጣ ሁሉ ይህ ባሰባት።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው።

«ስልኩስ?»

«ለእማማ እመልስላታለሁ።»

«ከነኮከቦቹ?»

«ከነኮከቦቹ።»

ጥቂት አሰበ። «እሺ። ግን ዛሬ አኩርፌሻለሁ። ነገ ይቅር እልሻለሁ።»

እቶኑ ያለ ማንቆርቆሪያው ነደደ። በሦስተኛው ቀን ማታ አባታቸው ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ወተቱን ጠጣ። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ወንድሟ እንዳለውም ምንም አልተናገረም። ጭቅቅት ባዶ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው።

በማግስቱ ጭቃ ፊት ተቀመጠች። አሁንም ሰለቻት፤ ግን አልተነሣችም። ከሳምንት በኋላ ጭቃው ላይ ተመስጣ እናቷ ለእራት ሁለት ጊዜ ጠርታት አልሰማችም። በሚቀጥለው ወር ማንቆርቆሪያው ከእቶን ወጣ፤ አፉ ትንሽ ጠማማ ነው፣ አባቷ ግን በሌላ አይቀዳም።

ልጆች፣ ጨዋታ ልክ ካላበጁለት ጊዜያችንን ብቻ ሳይሆን በእጃችን መሥራትን የሚወድ ልባችንንም ይወስዳል፤ ስንሳሳት ደግሞ ሳይረፍድ እውነቱን መናገር ሌላውን ከጉዳት እኛንም ከውሸት ያድናል።