አንገተ ደፊው ጫካ

የዘረንጎ ወንዝ ሽቅብ መፍሰስ በጀመረ ማግስት ከተማዋ በጥማት ተያዘች። ዓሦቹ ሳይቀሩ ግራ ገብቷቸው በጀርባቸው ይዋኙ ነበር አሉ። ራእይ ተናጋሪውም «የዙሬ ዛፍ ቅርንጫፍ ምንጩ ላይ ካልተተከለ ዘረንጎ ታልቃለች!» ሲል ጮኸ።

የታንጉት እናት ከንፈር በጥማት ተሰነጣጥቋል። «ዙሬን ሳልይዝ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ!» ብላ ታንጉት ማለችና ተነሣች። አብሯት የወጣው ወሬኛው ጦረኛ ጎራው ነው።

«አይዞሽ እቴ፣ እኔ መብረቅን በጥፊ ያስለቀስኩ ሰው ነኝ።»

«ትናንት ገደልኩት አላልክም እንዴ ጋሼ?»

«አልቅሶ ነዋ የሞተው!»

በአንገተ ደፊው ጫካ ዛፎቹ ሁሉ ጫፋቸውን አጎንብሰዋል። መሬቱ አያርፍም፤ ለአፍታ የቆመ እግር ይሰምጣል። ዛፉን በስሙ ያልጠራ አይቆርጠውም፤ በሌላ ስም የጠራው እዚያው ዛፍ ሆኖ ይቀራል። ቀድመው የሄዱት ጀግኖች አንዳቸውም አልተመለሱም። የዘረንጎ ሰው ላጎነበሰለት ሳያጎነብስ አያልፍማ! እጅ ሲነሡ ዐይናቸው ከግንዱ አላለፈም፤ ግንዱ ደግሞ የሁሉም አንድ ነው።

ታንጉት ግን እንዳትሰምጥ እግሯን እያፈራረቀች ቀና አለች። ጎራው ደንግጦ «አንቺ ባለጌ!» አላት። እሷ እናቷ እንዳስተማረቻት የመጀመሪያውን ዛፍ መርፌ መሳይ ቅጠል ገለበጠች፤ ሆዱ ሁለመናው አረንጓዴ ነው። «ነጭ መስመር የለውም። ይሄ መርዘኛው ነው፤ አንገቱን የደፋው ሊያታልለን ነው።» የሁለተኛው ቅጠል ሆድ ላይ ሁለት ነጭ መስመሮች አሉ፤ ቅጠሎቹ ግን እንደ ላባ ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። «ይሄ የሸለቆው ዛፍ ነው። ዙሬ ቅጠሉ ቀንበጡን ይከባል። ምናልባት ያ ገደሉ ላይ ያለው...»

ገና ሳትጨርስ ባለ ሦስት ጭራው የጫካው ጠባቂ ሞርጎ ከፊታቸው ተገተረ። «ስም! አሁኑኑ ስም ጥሩ፣ አለዚያ እውጣችኋለሁ!»

ታንጉት የገደሉን ዛፍ ቅጠል ገና አላየችም። ጎራው አንዴ አያትና መርዘኛውን ዛፍ በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«ጌታው ሞርጎ፣ ይሄ ዙሬ ነው! ሲተከል እኔው ነኝ ውኃ ያጠጣሁት!»

«ጋሼ! አይደለም አልኩህ እኮ!»

«ሩጪ አንቺ ልጅ!»

እግሩ ሥር ሰደደ። ሞርጎም ስም የሳተ ሰው ዛፍ ሆኖ እስኪያበቃ ከአጠገቡ አይርቅምና ይዞረው ጀመር። ታንጉት እየተንሸራተተች ገደሉን ወጣች። ቅጠሉ እንደ ተቆጣ ድመት ጭራ ቀንበጡን ዙሪያውን ከብቦታል፤ ሆዱም ሁለት ነጭ መስመር አለው። «ዙሬ!» ብላ ቆረጠችው።

ቅርንጫፉን ምንጩ ላይ ስትተክለው ወንዙ ቁልቁል ወረደ፤ እናቷም ጠጣች።

ታንጉት ግን እንቅልፍ አጣች፤ ወደ ጫካው ተመለሰች። የጎራው ዛፍ አንዱ ቅርንጫፉ በሁለት ረድፍ፣ ሌላው በዙሪያው ቅጠል አብቅሏል፤ አንዱ ቅጠል ላይ ሦስት ነጭ መስመር አለ። ጫፉም አላጎነበሰም። «አይ ጋሼ፣ ዛፍ ሆነህም ቃልህ አንድ አይሆንም!» ብላ እየሳቀች እንባዋን ጠረገች።

«ስም!» አለ ሞርጎ ከኋላዋ።

«ጎራው» አለችው።

ሞርጎ ሦስቱንም ጭራውን ሰብስቦ መንገድ ለቀቀላት።