ለብቻው የተሰቀለው ኩባያ

ሰዓት ሠሪው ሽማግሌ ጎህ ሲቀድ ከቤታቸው ጓሮ ባለችው ክፍል ደጃፍ ወድቀው፣ ሞተው ተገኙ። ከእግራቸው ሥር ሻይ ፈስሷል፤ ከሻዩ አጠገብ አንድ ሰማያዊ የብረት ኩባያ ተደፍቷል። ሐኪሙ ከኩባያው ሥር የቀረውን ዝቃጭ አይቶ «የአይጥ መርዝ ነው» ሲል ነገሩ ሁሉ ያለቀ መሰለ። ኩባያው የትልቋ ልጃቸው ነዋ።

ትልቋ ልጅ በሥጋ ደዌ ታማ፣ ሆስፒታል ከርማ፣ ድና የተመለሰች ናት። ሐኪሞቹ «ከማንም ጋር ትብላ፣ ትጠጣ» ብለው ነበር የሸኟት። ቤቱ ግን ለሷ የሰጣት የጓሮዋን ክፍል ነው። ኩባያዋም ከሌላው ዕቃ እንዳይቀላቀል ከበሯ ውጭ ሚስማር ተመትቶለት ለብቻው ይሰቀላል።

የፖሊስ መርማሪዋ ሻምበል ቆይ ስትደርስ ጎረቤቱ የግቢውን በር ከቦ «አውጧት!» እያለ ይጮኻል። የመርማሪዋ እውነተኛ ስም ሌላ ነው። ሰው አንድን ነገር እርግጠኛ ሆኖ በነገራት ቁጥር «ቆይ» ስለምትል የሥራ ባልደረቦቿ ያወጡላት ቅጽል ስም ነው፤ እሷም አልጠላችውም።

«ሻምበል፣ ይሄ ያለቀለት ጉዳይ ነው» አለ አሥር አለቃው። «ኩባያው የሷ፣ ሻዩን የቀዳችው እሷ። ብቻ ጣቶቿ ታጥፈዋል፤ እንዴት አድርጌ እንደማስራት ቸግሮኝ ነው።»

«እንዴት እንደምታስራት ነው ወይስ እንዴት ሳትነካት እንደምታስራት?»

አሥር አለቃው አቀረቀረ።

«ቆይ። ለጊዜው ካቴናውን ኪስህ ክተተው።»

ትልቋ ልጅ ከአልጋዋ ጫፍ ተቀምጣ እጆቿን በሻርፗ ሸፍናለች። ሻምበል ቆይ አጠገቧ ተቀመጠችና አንዱን እጅ ከሻርፑ አውጥታ ያዘችው። ሴትዮዋ ደነገጠች፤ ከተመለሰች ወዲህ እጇን ሳትሳቀቅ የያዘቻት እንግዳ የለችም። መዳፏ ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አለ።

«ይሄ ከበሽታው ነው?»

«አይ፣ ከኩባያው ነው። እጄ ሙቀት አይለይም። የፈላ ሻይ ስይዝ አይታወቀኝም፤ ቆዳዬ ሲላጥ ነው የማየው።»

«ዛሬስ ምን ሆነ?»

«ገና አልነጋም ነበር። መብራት ሳላበራ ከፔርሙሴ ቀዳሁ። አባባ ተቀብለውኝ ጠጡ፤ ወዲያው ፊታቸው ተለዋወጠ። ‹አትጠጪው!› ብለው የቀረውን ደፉት። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣቸውም።»

«ሁልጊዜ ካንቺ ኩባያ ይጠጣሉ?»

ሴትዮዋ ወደ በሩ አየች። «ለማንም እንዳልናገር ለምነውኝ ነበር። ታናሽ እህቴ ከሰማች ሕፃን ልጇን ከእቅፋቸው ትወስዳለች። ያቺን ልጅ ካጡ ደግሞ ይሞታሉ።» የመጨረሻውን ቃል ስትናገረው አፏ ላይ ከበዳትና አለቀሰች።

ፍተሻው ብዙ ጊዜ አልፈጀም። ከቆሻሻው በርሜል ውስጥ አንድ የዳቦ ቤት ፌስታል ተገኘ፤ ከውጭ በኩል ዱቄት መርዝ ነክቶታል፤ ውስጡ ንጹሕ ነው። የመርዙ ጣሳ ጓዳ መደርደሪያ ላይ ነበር። ክዳኑ ላይ ቅባት የነካቸው ጣቶች ምልክት ጥለዋል። ሻምበል ቆይ ጣሳውን አንስታ በጥንቃቄ አሸተተችውና ምንም ሳትል ለአሥር አለቃው ሰጠችው።

«የዳቦ ቤት ፌስታል!» አለ አሥር አለቃው፣ ሐሳቡን ለመቀየር ጊዜ ሳይወስድ። «ታዲያማ አማችየው ነው።»

አማችየው፣ የታናሿ ልጅ ባል፣ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከነሽርጡ ከሥራ ተጠርቶ መጥቷል።

«ፌስታሉም መርዙም የኔ ነው» አለ። «አይጥ የሌለበት ዳቦ ቤት ካለ ያሳዩኝ። ጣሳው የት እንደሚቀመጥ ግን ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል።»

«በሰማያዊው ኩባያ ማን ይጠጣል?»

ዳቦ ጋጋሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለባለቤቴ አይንገሩብኝ እንጂ አማቴ ይጠጡበታል። ማለዳ ወደ ሥራ የምወጣው በጓሮ ነው፤ ስንት ቀን አይቻቸው እንዳላየ አልፌያለሁ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ቤቴ ሰላም እንዲሆን ነዋ፣ ሻምበል።»

የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ከዕቃ ማጠቢያው ቀና ሳትል መለሰች። «የጋሼ ብርጭቆ ጠዋት ጠዋት እንደ ደረቀ ነው የማገኘው። ሻይ የማይወዱ ሰው ደግሞ አልነበሩም። የት እንደሚጠጡ ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም። ለታናሿ እትዬ ግን ትንፍሽ አላልኩም፤ እንጀራዬን እወዳለሁ።»

ታናሿ ልጅ ሳሎን ውስጥ ሕፃን ልጇን ቅባት እየቀባች ነበር። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«እሷ ናት» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?»

«በዚያ ኩባያ ማን ይጠጣል?»

«ከሷ በቀር? ማን ደፍሮ ይነካዋል! አባባ ዛሬ ምን ነክቷቸው እንደጠጡ አላውቅም። ሰሞኑን ሐሳባቸው ልክ አልነበረም። ‹ከእሑድ ጀምሮ ልጄን ሳሎን አስገባታለሁ፣ በአንድ ገበታ እንቀርባለን› ይሉ ነበር። እኔ እኮ ሕፃን ልጅ አለኝ።»

የጓሮው በር በነፋስ ተከፈተ። ታናሿ ተነሥታ ሄደችና መያዣውን በቀሚሷ ጫፍ ይዛ ዘጋችው። ሻምበል ቆይ እጇን ተከትላ አየች።

ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ሳሎን ተጠሩ። ትልቋ ልጅ ደፍ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ሻምበል ቆይ ክንዷን ይዛ ከአባቷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ከውጭ ጩኸቱ እንደ ቀጠለ ነው።

«ሁላችሁም» አለች ሻምበል ቆይ፣ «ሽማግሌውን ማን ገደላቸው ትላላችሁ። እኔ ግን መርዙ ለማን ተሰናዳ ነው የምለው። እሳቸውን መግደል የፈለገ ሰው፣ ሁለቱ ከአንድ ኩባያ እንደሚጠጡ ካወቀ፣ ልጅቷም አብራ እንደምትሞት ያውቃል። ካላወቀ ደግሞ መርዙን እዚያ አይጨምርም። ኩባያው የተመረጠው አንድ ሰው ብቻ ይጠጣበታል ተብሎ ነው። መርዙ ለትልቋ ልጅ ነበር።»

«ራሷ ጨምራ ቢሆንስ?» አለ አሥር አለቃው።

«ቆይ። በራሷ ኩባያ፣ በራሷ ደጃፍ፣ ሰፈሩ ጥፋተኛ ሊላት እየጠበቀ? ፌስታሉንም ተመልከት። መርዙ ያለው ከውጭ ነው፤ አንድ ሰው ሌሊት ኩባያውን ለመንካት እንደ ጓንት አጥልቆታል።»

«አሻራውን ለመደበቅ ይሆናላ።»

«አሻራ የሚደብቅ ሰው የመርዙን ጣሳ በባዶ እጁ አይከፍትም። ያውም ቅባት በነካው እጅ። መርዝ ያልፈራ እጅ ኩባያ ፈርቷል። ዳቦ ጋጋሪው፣ አማትህ ከኩባያው እንደሚጠጡ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አንቺስ?»

«አውቅ ነበር» አለች ሠራተኛዋ።

«ትልቋም ታውቃለች። ሦስቱም ያንኑ ምስጢር ከአንድ ሰው ደብቀዋል። በዚህ ቤት የማታውቀው አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ የጣሳው ክዳን ላይ ያለው የሕፃን ቅባት የሚሸት ምልክትም የሷ እጅ ነው።»

ታናሿ ወደ ባሏ ዞረች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ታውቅ ነበር?»

ባሏ ወደ ሠራተኛዋ አየ።

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር? ምናለ አንዳችሁ ብትነግሩኝ? እሳቸው ይጠጣሉ ብሎ የነገረኝ የለም! ለልጄ ፈርቼ ነው... እሷን ብቻ ነበር...» ያለችውን ራሷ ሰምታ አፏን በእጇ ያዘች።

«እህትሽ ከተመለሰች ጀምሮ ከዚያ ኩባያ ጠጥተዋል» አለች ሻምበል ቆይ። «በየቀኑም ልጅሽን አቅፈዋል። ምን ሆነች?»

ሕፃኗ ደህና ናት። ጉንጯ የሞላ፣ የማንም ጉዳይ የማይገባት ልጅ ናት።

«ጠምቷቸው አልነበረም» አለች ትልቋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳሎኑ ውስጥ ተናግራ። «እጄ ስለማይለይ ሙቀቱን ቀድመው ሊለኩልኝ ነው። ሲበርድ ይሰጡኛል።»

አሥር አለቃው ካቴናውን ከኪሱ አወጣ። ታናሿ ሕፃኗን እንዳቀፈች ተነሣችና ቆማ ባሏን አየች፣ ሠራተኛዋን አየች። ከዚያ ወደ እህቷ ሄደች። ትልቋ እንደ ልማዷ እጆቿን በሻርፗ ውስጥ ደበቀች። ታናሿ ሻርፑን በባዶ እጇ ገልጣ ሕፃኗን ከእህቷ ጭን ላይ አስቀመጠቻት፤ የታጠፉት ጣቶች ልጅቷን ደግፈው ያዙ።

«የልጄን መታጠቢያ ውሃ እሷ አትለካ» አለች ታናሿ፣ ማንንም ሳታይ። «እጇ ሙቀት አይለይም።»

ዳቦ ጋጋሪው ፊቱን በሽርጡ ጠረገ።

«እኔ እለካለሁ» አለ።