አንዷ በእስክሪብቶ

«የተከበራችሁ ምእመናን፣ ከመቀመጫችሁ ባትነሱም በልባችሁ ተነሱ!» አለ ፐርሰንት፣ ማይኩን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን አቅፎ። «ዛሬ የምናበስረው ዜና ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው። የታዳጊዎች ክፍላችን በአስራ አንድ እሁድ ውስጥ አንድም ቀሪ፣ አንድም እላችኋለሁ፣ ሳያስመዘግብ መቶ ፐርሰንት ተገኝቷል!»

አዳራሹ አጨበጨበ። የኋላ ረድፍ ላይ ያንቀላፉ አንድ አዛውንት ጭብጨባው ቀስቅሷቸው «አሜን» አሉ።

ፐርሰንት የታዳጊዎች ክፍል ኃላፊ ነው። ሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲቆጥር ይውላል፤ እሁድም መቁጠሩን መተው ስላልቻለ ነፍስ ይቆጥራል። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ልጆቹ ናቸው። በክፍሎች መካከል የፕላስቲክ ዋንጫ ያስጀመረውም፣ በየእሁዱ እኩለ ቀን ላይ ልጃቸው መገኘቱን ወይም መቅረቱን ለወላጆች በስልክ መልእክት መላክ ያመጣውም እሱ ነው።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ የአንዲት የአስራ አምስት ዓመት ልጅ ጆሮ ጋለ። የመገኘት መዝገቡን የምትይዘው እሷ ስለሆነች ልጆቹ «ዋና ጸሐፊ» ይሏታል፤ ሲቸኩሉ ደግሞ «ጸሐፊዋ» ብቻ። ከሃያ ሦስቱ ልጆች ሃያ ሁለቱ በእግራቸው እንደመጡ፣ አንዷ ግን በእስክሪብቶ እንደመጣች፣ በዚያ ሁሉ ዋንጫ እንጂ ባዶ ወንበር በማያይ ሕዝብ መካከል ልብ ያለችው እሷ ብቻ ነበረች።

«ሁሉም እኩል ስለሆኑ ባለፍሬሙን ሰርተፍኬት በዕጣ እንሰጣለን» አለ ፐርሰንት። እጁን ወደ ዕጣው ሳጥን ከተተ፣ አንድ ወረቀት ዘረጋ፣ የአንዲት ልጅ ሙሉ ስም በማይኩ አነበበ።

ልጆቹ ሽቦ የሚሏት ነበረች። አንዷ።

«ወዴት አለች?» ፐርሰንት አንገቱን አሰገገ።

«ሽንት ቤት ትሆናለች» አለ አንዱ ልጅ። ሳቅ ሆነ። ፐርሰንትም አብሮ ሳቀና ፍሬሙን ለጸሐፊዋ አስታቀፋት። «ጓደኛዋ አይደለሽ? ስትመጣ ስጫት።»

ነገሩ የጀመረው በትንሹ ነበር። ሽቦ ቀጭን፣ ፈጣን፣ እንደ ስሟ ብትታጠፍ የማትሰበር ልጅ ናት። ከሦስት ወር በፊት ትምህርት ቤት ቀየረች። አዲሱ ትምህርት ቤቷ የቅርጫት ኳስ ቡድን ሊመርጥ ነበር፤ ምርጫው ደግሞ ሁለት እሁድ ጠዋት።

«እማዬ ከቀረሁ ትገድለኛለች» አለቻት በስልክ። «ያ ሰውዬ ደግሞ መልእክቱን ፈጥኖ ይልካል። ሁለት እሁድ ብቻ ምልክት አድርጊልኝ። በእናትሽ!»

ጸሐፊዋ ምልክት አደረገች። አንድ፣ ሁለት። ሦስተኛው እሁድ ላይ ሽቦ አልመጣችም። ደወለችላት፣ አላነሳችም። ጻፈችላት፣ አልመለሰችም። ‹አዲስ ጓደኞች አግኝታለቻ!› ብላ ተናደደች። ሆኖም ዋንጫው ቀርቦ ነበር፤ ክፍሉ በሙሉ ጉንፋን የያዘውን ሳይቀር እየጎተተ ሲያመጣ መዝገቡ ላይ በቀረ አንድ ባዶ ቦታ ምክንያት ማን ይወቀሳል? ምልክት አደረገች። አራተኛው ላይ እጇ ራሱ አደረገው። ከዚያ በኋላማ ሽቦ በወረቀት ላይ ከሁሉም ይበልጥ ታማኝ ምእመን ሆነች፤ አታረፍድም፣ አታወራም፣ ማስቲካ አታኝክም።

አንድ ሰው ግን በየእሁዱ ሥራ ፈትቶ ይጠይቃት ነበር። እትዬ ነርስ ጡረታ የወጡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ምላሳቸው ግን ጡረታ ያልወጣ ሴትዮ ናቸው። ሥራቸው አንድ ነበር፤ ሦስት እሁድ በተከታታይ የቀረ ልጅ ስም ሲደርሳቸው ከሰዓት በኋላ ተነስተው ቤቱን ያንኳኳሉ።

«ዛሬስ ስንት አለሽ?»

«ማንም የለም እትዬ።»

«ተመስገን ልበል ወይስ ምን ልበል?» ይሉና ጫማቸውን እያዩ ይሄዳሉ።

ዛሬ ፍሬሙን አቅፋ ስትወጣ በሩ ላይ ያዟት።

«ለሽቦ ነው አይደል? አብሬሽ እሄዳለሁ። እግሬ ዝጓል።»

«ግድ የለም እትዬ፣ ሩቅ ነው...»

«ቤቱን አውቀዋለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ልጅቷን አሟት በቀረች ጊዜ ሄጃለሁ። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። እሁድም ስለምትሠራ ራሷ አትመጣም። ‹ልጄ ለሁለታችን ትሂድ› ነበር ያለችኝ። ነይ፣ ቅደሚ።»

መንገዱን ሁሉ ጸሐፊዋ ውሸት ስታዘጋጅ ሄደች። ሦስት አዘጋጀች። ሦስቱም ጥሩ ነበሩ።

በሩን የከፈተችው ሽቦ ናት። ይበልጥ ቀጥናለች። አንገቷ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ ሸሚዟ ላይ የክር ቁርጥራጭ ተጣብቋል። መጀመሪያ እትዬ ነርስን አየች፤ ከዚያ ጸሐፊዋን፤ ከዚያ ፍሬሙን።

«ምንድን ነው?»

«ሽልማት።»

«የምን?»

ጸሐፊዋ ፍሬሙን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «የ... የመገኘት።»

ሽቦ ሳቀች። ከዚያ በፊት እንዲህ ስትስቅ ሰምታት አታውቅም።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መስኮቱ ስር የስፌት መኪና፣ መኪናው ላይ ግማሹ የታጠፈ የሰው ሱሪ። ግድግዳው ጥግ አልጋ። አልጋው ላይ የሽቦ እናት በትራስ ተደግፈዋል። ቀኝ እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ሰው አደራ ብሎ አስቀምጦት የሄደ ዕቃ ይመስላል። ከአልጋው ፊት ለፊት ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ ባዶ፣ ተወልውለው።

«ደረሳችሁ?» አሉ እናት። ቃላቱ በአንድ በኩል ባለው የአፋቸው ጫፍ ነበር የሚወጡት። «ተቀመጡ። ወንበሩ የእናንተ ነው። በየእሁዱ አስወልውለዋለሁ። በቅርቡ ነው ይበቃል ያልኳት፤ ዛሬም ከልማዷ ሳታወጣው አልቀረችም።»

እትዬ ነርስ አልተቀመጡም። ተንበርክከው፣ ያንን የሚያማቸውን ጉልበት ረስተውት፣ የእናትን ቀኝ እጅ አነሱ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ለመዘርጋት ሞከሩ። ጣቶቹ ተመልሰው ተኮማተሩ።

«መቼ ነው?»

«ዘጠኝ እሁድ አለፈው» አሉ እናት። በእሁድ ነበር የሚቆጥሩት። «ሱሪ እየተኮስኩ ወደቅኩ። ካውያው እንኳ ከኔ ይሻላል፣ ቆሞ ቀረ።»

«ሆስፒታል?»

«አምስት ቀን። እጅሽን ለማለማመድ ትመላለሻለሽ አሉኝ። በማን ጀርባ? ልጅቷ ገና የራሷን ቦርሳ ነው የምትሸከመው።»

እትዬ ነርስ የእጁን አንጓ ዳሰሱ። «በመጀመሪያው ሳምንት ጀምረነው ቢሆን...» ብለው አቆሙ። ስፌት መኪናውን አዩና እጁን ቀስ ብለው ወደ ቦታው መለሱት።

«እኔማ ነግሬያት ነበር» አሉ እናት። «ሦስት እሁድ ጠብቂ፣ ያቺ ጉልበቷን የሚያማት ሴትዮ ትመጣለች። አንዴ መጥታ የለ? ሦስተኛው ላይ ቤቱን አስጠረግኩ። አራተኛው ላይ ምናልባት ዘግይታ ይሆናል አልኩ። አምስተኛው ላይ ጉልበቷን አሟት ይሆናል አልኩ። ይኸው ነው። ሰው ሲጠብቅ ምክንያት ይሰፋል፤ እኔ ደግሞ ሥራዬ መስፋት ነው።»

እትዬ ነርስ ፊታቸውን አዙረው ጸሐፊዋን አዩ። «ይህቺ ልጅ አንድም ቀን አልቀረችም ነበር ያልሽኝ።»

ያዘጋጀቻቸው ሦስት ውሸቶች የት እንደገቡ አልታወቀም።

ሽቦ የእናቷን ስልክ ከመስኮቱ ጫፍ አነሳችና አበራችው። መልእክቶቹን ከታች ወደ ላይ ታሳያቸው ጀመር። «ልጅዎ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ተገኝታለች። የተባረከ ሳምንት ይሁንልዎ።» ከሱ በላይ «ልጅዎ ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ተገኝታለች።» ከሱም በላይ።

«ይሄኛው» አለች ሽቦ ጣቷን አስቀምጣ፣ «የወደቀች ቀን የመጣው ነው። ሁለተኛው እሁድ።»

«ወለሉ ላይ ሆኜ ስልኩ ጮኸ» አሉ እናት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ጨርቅ እንደሚለካ ሰው ነበር የሚናገሩት። «በግራ እጄ ጎትቼ አየሁት። ተገኝታለች ካለ እስከ ሰባት ሰዓት ትደርሳለች ብዬ መጮኼን ተውኩ። ሰው መረበሽ አልወድም። መጣችልኝ፣ በአስር ሰዓት።»

ሽቦ ስልኩን አጠፋችው። «ቡድኑ ውስጥ ተመርጬ ነበር» አለች ለጸሐፊዋ ብቻ እንደምትናገር። «ከልጆቹ ጋር ስደሰት ቆይቼ፣ እየዘለልኩ ነው የገባሁት።»

«ስደውልልሽ ለምን አላነሳሽም?»

«ምን ልበልሽ? እናቴ ስትወድቅ የት ነበርሽ ብትዪኝስ? ራሳችሁ ትመጣላችሁ ብዬ ነዋ። ስትመጡ አፌን ሳልከፍት ታዩታላችሁ ብዬ።» ሜትሩን ከአንገቷ አውልቃ በእጇ ጠቀለለችው። «እሁድ መጣ፤ ‹ተገኝታለች›። የእማዬን እግር እያጠብኩ፤ ‹ተገኝታለች›። የምትቀልጂብኝ መሰለኝ።»

«አልቀለድኩም። እኔ እኮ...»

«ሁለት እሁድ ነበር ያልኩሽ።»

እትዬ ነርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«መጀመሪያ መጀመሪያ እኔና እማዬ እሁድ ጠዋት መዝሙር እንዘምር ነበር» አለች ሽቦ። «እዚያ ሲሆን ድምፄን የሚሸፍንልኝ ሰው አለ፤ ስሳሳት ከጎኔ ያለው ያስቀጥለኛል። እዚህ ለብቻዬ ድምፄ አስጠላኝ። ስድስተኛው ላይ ተውኩት። ጸሎቱንም ተውኩት። እግዜርም እንደ አንቺ ምልክት አድርጎልን ያለፈ መሰለኝ።»

እናት በግራ እጃቸው ፍሬሙን ጠየቁ። ጸሐፊዋ ሰጠቻቸው። በጉልህ ፊደል «ያለማቋረጥ በመገኘት ላሳየችው ታማኝነት» ይላል። አነበቡት፤ በአንድ ጉንጫቸው ፈገግ አሉ።

«ፍሬሙ ጥሩ ነው። ይሄ ይቅርልን። ወረቀቱን መልሺላቸው።» ከዚያ ድምፃቸው ጠነከረ። «አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔን በዚያ ማይክ እንዳትጠሩኝ። ያቺ ምስኪን ልብስ ሰፊ ተብዬ የሰው ማልቀሻ አልሆንም። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

«በይ ማይልኝ።»

«በእግዚአብሔር፣ አልናገርም።»

ሲወጡ ሽቦ በሩን ይዛ ቆመች። ጸሐፊዋ «የሚመጣው እሁድ ከፕሮግራም በኋላ እመጣለሁ» አለቻት።

«ብትመጪም ባትመጪም» አለች ሽቦ፣ «እኔ ምልክት አላደርግም።» በሩን ዘጋችው።

ግማሹን መንገድ እንደሄዱ እትዬ ነርስ ወደ ፊት እያዩ ጀመሩ።

«ሰላሳ ዓመት እሁድን የማልቀረው ስብከቱ አምሮኝ መሰለሽ? ግማሹን ተኝቼ ነው የምሰማው። ብቀር የሚያንኳኳብኝ ሰው ስላለ ነው። እኔም የሰውን በር የማንኳኳው ለዚያ ነው። ብቻውን ሆኖ የሚያምን ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ አላየሁም። አንቺ የሰረዝሽው ያንን ማንኳኳት ነው።»

«ይቅርታ እትዬ።»

«ለኔ ምን ያደርግልኛል?» አሉ። መንገዱን ያለ እሷ ተሻገሩ።

በሚቀጥለው እሁድ ጸሐፊዋ ወንበር ከሚደረድሩት ቀድማ ገባች። መዝገቡን ዘረጋች። የሽቦ ስም ፊት ያሉትን አስራ አንድ ምልክቶች አንድ በአንድ ሰረዘች፤ ከእያንዳንዱ በላይ «ቀሪ» ብላ ጻፈች። አስራ አንድ ጊዜ መጻፍ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። በሁለተኛው ላይ እጇ ቆሞ ነበር። ከዚያ በብጣሽ ወረቀት ላይ ስምና ቤት ጽፋ እትዬ ነርስ በሚቀመጡበት ወንበር ላይ አኖረችው። ከስሙ ጎን «ከሰዓት በኋላ፣ ሁለታችን» የሚል ጨመረች። ይምጡ አይምጡ አላወቀችም።

ፐርሰንት ዋንጫውን እየወለወለ መጣ። መዝገቡን አየ። ፊቱ መጋዘኑ የተቃጠለበት ሰው ፊት ሆነ።

«ምንድን ነው ይሄ? ዘጠና አምስት ነጥብ... አንቺ ልጅ፣ ሪፖርቱ እኮ ወደ ላይ ሄዷል! በማይክ ተናግሬዋለሁ!»

ጸሐፊዋ የታጠፈውን ሰርተፍኬት መዝገቡ ላይ አስቀመጠችለት። ገልጦ አየው፣ ገለበጠው።

«ፍሬሙስ?»

ጸሐፊዋ የመጨረሻውን «ቀሪ» በእስክሪብቶ አደመቀችው።

«መዝገቡን እቀማሻለሁ» አለ። «ዋሽተሻል ማለት ነው? ከዋሸሽ ምክንያት ይኖርሻል። ልጅቷ ምን ሆና ነው? የሚያስተምር ነገር ካለው እኮ መድረክ ላይ ወጥተሽ ምስክርነት ትሰጫለሽ፣ ሰዉም ይማርበታል። ንገሪኝ፣ ምክንያቱን አስረጂኝ!»

ጸሐፊዋ እስክሪብቶውን ከደነችው። መዝገቡን ዘግታ ወደ እሱ ገፋችው፤ ሄዳም ከሽቦ ባዶ ወንበር ጎን ተቀመጠች።

«አላስረዳም» አለች።